ቦራና የግራው ዙር፦ ያለ ገመድ የተሠራ የአንዲት ባዝራ ሥልጠና

ቦራ በቀኝ ስትዞር ስጠራት ትመጣለች። በግራ ስትዞር ስጠራት ትሮጣለች። የሦስት ሳምንት ማስታወሻዬን ገልጬ ሳይ በየገጹ ያለው ይኸው ነው፤ «ቀኝ መጣች፣ ግራ ሄደች»። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሰው ፈረሱን ነው የሚመረምረው። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት። ምክንያቱ የተገኘው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ቦራ የ7 ዓመት ዳማ ባዝራ ናት። ስሟ የመጣው ግንባሯ ላይ ካለው ነጭ ምልክት ነው። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ የፈረስ ወሬ የማይሰለቻቸው ሰው ናቸው። ቅሬታቸው አጭር ነበር። «ገመድ ካለ መልአክ ናት። ገመዱን ስፈታው ትረሳኛለች።» እውነታቸውን ነው። ልባብ (ራሷ ላይ የሚገባው ማሰሪያ) ሲደረግላት ዝም ብላ ትቆማለች፣ እግሯን ታነሳለች፣ ኮርቻ ያለ ጣጣ ትቀበላለች። ሜዳ ላይ ከተለቀቀች ግን እሷን መያዝ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ቀርቦ ልክ ሊነካት ሲል ዞር ብላ ሄድ ትላለች። ጨዋታ ይመስላል። ጨዋታ አይደለም።

የጠየቁኝ ያለ ገመድ እንድትሠራላቸው ነው። ይህን ዓይነት ሥልጠና አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሰውየው መሬት ላይ ቆሟል። ፈረሱ ላይ ልጓምም ገመድም የለም። ሰውየው ያለው መሣሪያ የገዛ አካሉ ብቻ ነው፤ አቋቋሙ፣ ትከሻው፣ እርምጃው፣ ትንፋሹ። ፈረሱ በዚያ ብቻ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ተጠርቶ ይመጣል። ዳር ሆኖ ለሚያይ አስማት ይመስላል። ለሚሠራው ግን አሰልቺ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ለምን አስፈለገ? ገመድ ብዙ ነገር ይሸፍናላ። ፈረሱ ግራ ቢጋባ እንኳ ገመዱ ይጎትተዋል፤ እኛም የገባው ይመስለናል። ምን ያህል እንደተግባባን የሚታወቀው ገመዱ ሲወልቅ ነው።

የሠራንበት ቦታ 18 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ አጥር ነው። መሬቱ አሸዋ ነው። ክብ የሆነው ማዕዘን እንዳይኖረው ነው፤ ፈረስ ማዕዘን ውስጥ ሲጣበቅ ወይ ይደነግጣል ወይ ኋላውን አዙሮ ይጠብቅሃል። በሳምንት ሦስት ቀን ሠራን፣ በቀን ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ለ11 ሳምንት። ከመጀመሬ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥርሷን፣ ጀርባዋንና እግሮቿን አየላት። ይህን ሳያደርጉ ሥልጠና መጀመር ከፈረሱ ጋሪውን ማስቀደም ነው። የፈረስ ጥርስ ለብዙ ዓመታት ከድዱ እየወጣ በማኘክ የሚሞረድ ነገር ነው። አሞራረዱ እኩል ካልሆነ ጠርዙ ይሾልና ጉንጩን ያቆስለዋል። «እልኸኛ» የሚባል ፈረስ አፉን የሚያመው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቦራ ግን ደህና ነበረች። ኮቴዋ ትንሽ ረዝሞ ነበር፤ እሱም ተስተካከለ።

አሁን የመጀመሪያ ቀን ጥፋቴን ልናገር። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ሞክሯት ነበር። አጥር ውስጥ አስገብቶ እስክትደክም ያሯሩጣት ነበር አሉኝ። ይህን ሰምቼ ምን አደረግኩ? ያንኑ ደገምኩት። «እኔ ለስለስ አድርጌ ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ያው ነው። ረጅም አርጩሜ ይዤ መሃል ቆምኩ። እሷ ዳር ዳሩን መጀመሪያ በሶምሶማ፣ ከዚያ ፈጠን ባለው ሩጫ በደንገላሳ ዞረች። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ራሷን ዝቅ አደረገች። አፏን አላመጠች፣ ከንፈሯን ላሰች። ወደ እኔ ዞራ ቆመች። ባለቤቷ ከአጥሩ ውጪ ሆነው አጨበጨቡ። «ተሸነፈች!» አሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ በሩን ከፍቼ ስገባ ገና ምንም ሳልል መሮጥ ጀመረች።

ያ ማላመጥና ከንፈር መላስ ለብዙ ዘመን «እሺ ጌታዬ» ተብሎ ሲተረጎም ኖሯል። አሁን በዚህ ትርጉም አልስማማም። ፈረስ ሲጨነቅ አፉ ይደርቃል። ጭንቀቱ ሲቀልለት ምራቁ ይመለሳል፤ ያኔ ያላምጣል፣ ይልሳል። እፎይ ማለቱን ይነግረናል እንግዲህ። ቀደም ሲል ተጨንቆ እንደነበረም ይነግረናል! እኔ ድል ብዬ ያየሁት የፈራች ባዝራ እፎይታ ነበር። ቦራ ከዚያ ቀን የያዘችው ትምህርት አንድ ነው፤ ይህ አጥር የሩጫ ቦታ ነው።

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ። አርጩሜውን ውጪ ተውኩት። ድርቆሽ በተንኩላት፣ እኔ ባልዲ ገልብጬ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኳትም። አየኋት፤ እሷም አየችኝ። በእርግጥ እሷ ሳታየኝ የቀረችበት ደቂቃ የለም። የፈረስ ዓይን በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ ወደ 350 ዲግሪ ይጠጋል። የማያያቸው ጠባብ ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም ቅርብ ያለው፣ ሌላው ከጭራው በስተኋላ ያለው ነው። ጆሮዎቹ ለየብቻቸው ይዞራሉ። ቆዳው ላይ ዝንብ ስታርፍ ያችን ቦታ ብቻ ለይቶ ያንቀጠቅጣል። ፊቱም ዝም ያለ ቢመስል ዝም አይልም። በ2015 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈረስ ፊት የሚሠራቸውን እንቅስቃሴዎች አንድ በአንድ ለቅመው 17 አግኝተዋል። ራሱ ይህን ያህል የሚናገር እንስሳ የእኛንም እንደሚያነብ መጠርጠር ነበረብኝ። ያኔ አልጠረጠርኩም።

የመጀመሪያው ግቤ ጆሮ ነበር። አንድ ጆሮ ብቻ። ከባልዲው ተነስቼ በቀስታ ወደ እሷ እራመዳለሁ፤ በቀጥታ ሳይሆን ሰያፍ። ስድስት ሜትር ያህል ስቀርብ አንገቷ ይጠነክራል። እዚያ እቆማለሁ። አንድ ጆሮዋ ወደ እኔ የዞረ እንደሆነ ወዲያው ፊቴን አዙሬ እርቃለሁ። ይኸው ነው ክፍያው። ፈረስ የሚይዘው ጫናው የተነሳበትን ቅጽበት ነው። ያኔ ያደረገውን ነገር ይደግመዋል። አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይተህ ካነሳህ ሌላ ነገር ላይ ይለጥፈዋል፤ ምናልባትም ጆሮዋን መልሳ የመለሰችበት ላይ። ስለዚህ ከእግር ይልቅ ዓይን ነው ፈጣን መሆን ያለበት።

ከጆሮ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ሁለት ዓይን፣ ከሁለት ዓይን ወደ አንድ እርምጃ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀርባዬን ሰጥቻት ስሄድ አሸዋው ላይ የኮቴዋን ድምፅ ሰማሁ። እየተከተለችኝ ነበር። ዞር ብዬ ማየት አምሮኝ ነበር። አላየሁም። ባይ ኖሮ እምብርቴ ወደ እሷ ይዞር ነበርና።

ስለ እምብርት ልናገር፤ የዚህ ሥራ እኩሌታ እዚያ ነውና። ሰው እጁንና ድምፁን ነው ምልክት የሚላቸው። ፈረስ ግን በመጀመሪያ የሚያየው የሰውነትህን ግንድ፣ ደረትህንና ሆድህን ነው። እምብርትህ ወዴት ይመለከታል? ወደ ፈረሱ ከተመለከተ እየገፋኸው ነው። ወደ ጎን ከዞረ ቦታ እየሰጠኸው ነው። እግርህ ደግሞ ያጸናዋል፤ ወደፊት መራመድ ይገፋል፣ ወደ ኋላ መራመድ ይስባል። ትንፋሽ ሲያዝ ደረት ይነሳል፣ ሲለቀቅ ትከሻ ይወርዳል። እጅና አርጩሜ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከእነሱ በፊት ያለው ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው የሚመጡት። ቅደም ተከተሉን ያጣመመ ሰው ፈረሱ ለትንሹ ነገር መልስ እንዳይሰጥ ያስተምረዋል።

ሌላው ዋና ነገር መስመሩ ነው። ከጋማዋ ማለቂያ ወርዶ ከፊት እግሯ በስተኋላ፣ የኮርቻው መታጠቂያ በሚውልበት አካባቢ፣ የማይታይ መስመር አለ ብለህ አስብ። ከዚያ መስመር በስተኋላ ሆነህ ስትጠጋት ወደፊት ትሄዳለች። ከመስመሩ ፊት ስትገባ ትቀዘቅዛለች ወይም ትዞራለች። ሁሉም ነገር በዚህ ዙሪያ ነው የሚሠራው። አብረን ስንራመድ ትከሻዬ ከመስመሩ ትንሽ ፊት ነው። ለመቆም ትንፋሼን እለቃለሁ፣ ጉልበቴን ላላ አደርጋለሁ፣ እቆማለሁ። ወደ ኋላ እንድትል ከፈለግኩ ከፊቷ ወደ ጎን አለፍ ብዬ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። በትክክል ግንባሯ ፊት አልቆምም፤ እዚያ አታየኝም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይህ ሁሉ ጥሩ ይሄድ ነበር።

ከአንድ ነገር በስተቀር። ኋለኛ ታፋዋን ከእኔ እንድታርቅ እያስተማርኳት ነበር። ይህ ሲሠራ የኋላ እግሮቿ ይጣመሩና ፊቷ ወደ እኔ ይዞራል። እግሩን ያጣመረ ፈረስ ሊሮጥ አይችልም፤ ስለዚህ እንደ ፍሬን ያገለግላል። እኔ ቸኮልኩ። ሁለት እርምጃ በፍጥነት ወደ ታፋዋ ገባሁ። የተማረችውን ነው ያደረገችው፤ ረገጠች። ኮቴዋ ከጉልበቴ ስንዝር ያህል ርቆ አለፈ። ባለቤቷ «ምን ያለች ክፉ ናት!» አሉ። እኔ ግን ወደ ታፋዋ የገባሁበትን ፍጥነት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ እግሯ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቄ ነው ይህን የምጠይቃት። ሔልሜትም አደርጋለሁ። ይህን ሥራ በነጠላ ጫማ የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ግራው ዙር። ከታፋው በኋላ የቀረው ከእኔ ርቃ ክብ እንድትዞርና በምልክት ወደ መሃል እንድትገባ ነበር። በቀኝ በኩል ወዲያው ገባት። ስልካት ትሄዳለች፣ በሶምሶማ ትዞራለች፣ ወደ ኋላ ስል ትገባለች። በግራ መሄዱን ትሄዳለች። ስጠራት ግን ጆሮዋን አጥፍታ ትፈጥናለች። አንዳንዴ ከአጥሩ በላይ አሻግራ ውጪውን እያየች። «ንቃህ ነው ልጄ!» አሉኝ ባለቤቷ። «ጠንከር በልባት።»

ጠንከር አላልኩም፤ ግን መላምቶቼም ከእሳቸው ብዙ አይሻሉም ነበር። መጀመሪያ ሕመም ነው አልኩ። በረጅም ገመድ አስሬ በሁለቱም በኩል አዞርኳት። እኩል ነው፤ አታነክስም፣ አትኮማተርም። ሕመም አይደለም። ቀጥሎ ዓይን ነው አልኩ። በግራ ስትዞር የምታየኝ በግራ ዓይኗ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የሳሴክስ ጥናት አለ። 28 ፈረሶች የተቆጣ ሰው ፊት በፎቶ ሲያዩ በግራ ዓይናቸው የማየት ዝንባሌ አሳይተዋል፣ የልብ ምታቸውም ቶሎ ጨምሯል። «አሃ!» አልኩ። በግራ ዓይኗ ስታየኝ ትፈራለች ማለት ነው። ጥሩ ማብራሪያ ይመስላል። ለእኔም ይመቸኛል፤ ጥፋቱን ለአንጎሏ ይሰጠዋልና። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ባልዲ ላይ ቁጭ ስል በግራዋም መጥታ ነበር የምታሸተኝ። ዓይኑ ያው ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ፈረሰኞች ዘንድ ደግሞ አንድ የቆየ ወሬ አለ። የፈረስ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች አይነጋገሩም፣ በአንድ ዓይኑ የተማረውን በሌላው አያውቀውም የሚል። ልክ አይደለም። ፈረስ በአንድ ዓይኑ የተማረውን በሌላውም ይለያል። በሁለቱም በኩል ማስተማር ያለብን ዋናው ምክንያት እኛው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስላልሆንን ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን በድፍረት የምጽፈው ቀጥሎ ከሆነው ነገር የተነሳ ነው።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ለእረፍት መጥታ አጥሩ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ትቀርጸኝ ነበር። ማታ ቪዲዮውን በዝግታ እያየን ሳለ «አጎቴ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ምን ሆንኩ? መለስን፣ አየን። እንደገና አየን።

ፈረሱ በግራ ሲዞር አቅጣጫውን የሚያሳየው ግራ እጄ ነው፤ ከኋላ የሚነዳው ቀኝ እጄ። እኔ ቀኝ እጄን የምጠቀም ሰው ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ ሳላውቀው ወደፊት ይቀድማል። ከትከሻው ጋር እምብርቴም ይዞርና በቀጥታ ታፋዋን ይመለከታል። ማለትም መጥራት በጀመርኩበት ሰዓት እንኳ ግንዴ «ሂጂ፣ ሂጂ» ይላል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ወደ ኋላ ልራመድ ስል፣ ከእግሬ በፊት፣ ትንፋሽ ስቤ ራሴን ቀና አደርጋለሁ። በጣም ትንሽ ናት፤ ባይነገረኝ አላያትም ነበር። ግን በሶምሶማ ሳለች ወደ ደንገላሳ እንድትገባ የምጠይቃት በምንድን ነው? ትንፋሽ ስቤ ራሴን ቀና በማድረግ። ቦራ አላመፀችም። «ፍጠኚ» ስላት ፈጠነች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የእግሬ «ነይ» ደርሶባት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሄዳለቻ።

በቀኝስ ለምን ትመጣለች? በቀኝ የሚነዳው ግራ እጄ ነው። ሰነፍ ነው። ትከሻው አይቀድምም። ቀና ማለቴ እዚያም አለ፤ ብቻውን ሲሆን ግን ታልፍልኛለች መሰል።

ይህን ሳይ ወደ አእምሮዬ የመጣው የበርሊኑ ሃንስ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ዊልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ፈረሳቸውን ሂሳብ አስተማርኩ ብለው በአደባባይ ያሳዩ ነበር። ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሃንስ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። በ1904 እ.ኤ.አ. አጣሪ ኮሚሽን አይቶት ማጭበርበር አላገኘም። ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ሰው ግን በጥንቃቄ ፈተሸውና ውጤቱን በ1907 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ሃንስም አያውቅም። ሃንስ ጠያቂውን ካላየም አያውቅም። ምስጢሩ፣ ቆጠራው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያስበው ራሱን በትንሹ ቀና ያደርግ ነበር። ሃንስ ያችን ሲያይ መምታቱን ያቆማል። ኦስተን አላጭበረበሩም፤ አያውቁትም ነበር። ይበልጥ የገረመኝ፣ ፕፉንግስት ምስጢሩን ካወቀ በኋላም የራሱን ጭንቅላት ማስቆም አስቸግሮት ነበር። ከዚያም እሱ ራሱ ፈረሱን ሆኖ ሰዎች በልባቸው ቁጥር እንዲይዙ እያደረገ በእጁ ሲመታ፣ አብዛኞቹ ላይ ያችኑ እንቅስቃሴ አየ።

እኛም በማግስቱ ፈረስ ፈረስ ተጫወትን። የእህቴ ልጅ ቦራን ሆነች። እኔ መሃል ቆምኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ እጄን አታይም፣ ድምፄን አትሰማም፣ ግንዴን ብቻ ታያለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደክሟት «አጎቴ፣ ነይ ማለትህ ነው ሂጂ ማለትህ ነው?» ብላ ጮኸች። የቦራ ባለቤት ከአጥሩ ውጪ ሆነው ሁለታችንንም ታዘቡን። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ የእውነተኛው ፈተና ሐሳብ መጣልኝ። ልጅቷ ግራኝ ናት። ግራ እጇ ነው ጉልበተኛው። እውነት ችግሩ የቦራ የግራ ዓይን ወይም የቦራ እልህ ከሆነ፣ ልጅቷም መሃል ብትቆም ቦራ በግራ እምቢ ማለት አለባት። ችግሩ የነጂው ትከሻ ከሆነ ግን መገልበጥ አለበት። ሔልሜት አደረግንላት፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ምልክቶቹን ታውቃቸዋለች፤ ሳምንት ሙሉ ስትቀርጸኝ ነበር። ቦራን በግራ ላከቻት። ዞረች። ወደ ኋላ አለች። ቦራ ቀስ ብላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ገባች። በቀኝ ላከቻት። ወደ ኋላ አለች። ቦራ ጆሮዋን አጥፍታ ፈጠነች።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። «ንቃህ ነው» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማሁትም።

ማወቅ ማረም አይደለም። የትከሻ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ሁለት ሳምንት ያለ ፈረስ ሠራሁ። አጥሩ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ምናባዊ ፈረስ በግራ አዞራለሁ፤ ቀኝ ክርኔን ወገቤ ላይ አጣብቄ። መጥራቱን ከትንፋሽ መልቀቅ ጀመርኩት። መጀመሪያ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ትከሻ ይወርዳል፣ ከዚያ እምብርት ወደ ጎን ይዞራል፣ እግር መጨረሻ ላይ። ለፍጥነትም ሌላ ምልክት አበጀሁ። ራሴን ቀና ማድረጉን ትቼ አንድ አጭር እርምጃ ከመስመሩ ኋላ፣ ከአንድ የምላስ ጠቅታ ጋር። አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም ካለው ፈረሱ የሚቀናውን ይመርጣል፤ ለሚፈራ ፈረስ ደግሞ ሁልጊዜም የሚቀናው ሩጫ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ወደ ቦራ ተመለስኩ። መጀመሪያ በርምጃ ብቻ። በግራ ላክኋት፣ ግማሽ ዙር ሄደች፣ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ምንም። ጆሮዋ ግን ወደ እኔ ዞረ። እዚያው አቆምኩ፣ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ለዚያ ቀን በቃን። ከሁለት ቀን በኋላ አንገቷን አዞረች። በስምንተኛው ሳምንት ገባች፤ አንድ ጊዜ። እዚያም አቆምኩ። ማቆም ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነገር ነው። ደግመህ ማየት ትፈልጋለህ፤ የሆነው በአጋጣሚ አለመሆኑን ማረጋገጥ ትፈልጋለህ። ፈረሱ ግን ትክክል ሠርቶ እንደገና ሲጠየቅ የተሳሳተ ይመስለዋል። በአሥረኛው ሳምንት በሁለቱም በኩል በሶምሶማ ትዞርና ትገባ ነበር። አብራኝ ትራመዳለች፣ ስቆም ትቆማለች፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፣ ታፋዋን ታዞራለች። ገመድ የለም። አርጩሜውም ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ነው።

ያልተሠራም አለ። በግራ በደንገላሳ ሳለች መጥራት እስከ መጨረሻው አልተዋጣልኝም። ሲፈጥን ትከሻዬ የድሮውን ያስታውሳል። ነፋስ ባለ ቀን ጆሮዎቿ የእኔ አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ቀን አልጠይቃትም። ትልቁ ሜዳ ላይ አንድ ቀን ጥላኝ ሄዳለች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ያን ቀን ምን እንደነበረ ቪዲዮ የለኝም።

የቀረው ባለቤቷ ነበሩ። እሳቸው ሜዳ ላይ ቦራን ሊይዙ ሲሄዱ ልባቡን ከጀርባቸው ይደብቁታል። ለዘመናት ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። አንድ እጅ ከኋላ የደበቀ ሰው ግን ትከሻው ይቆለፋል፣ ደረቱ ይወጣል፣ አንገቱ ወደፊት ይሰገጋል። ከዚያም በቀጥታ ወደ ግንባሯ ነው የሚሄዱት፣ ልክ ወደማታይበት። «ልባቡን ትከሻዎ ላይ ያድርጉት። ትየው» አልኳቸው። አመኑኝ ማለት ይከብደኛል፤ ግን አደረጉት።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጠዋት ሜዳ ላይ ወጡ። እኔና የእህቴ ልጅ ከሩቅ ቆመናል። ጎናቸውን ሰጥተው ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እንደ ጀማሪ ጮክ ብለው ነው የተነፈሱት፤ እስከ እኛ ተሰማ። ቦራ ራሷን ከሣሩ ላይ አነሳች። መጣች። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። የእሳቸው እጅ መነሳት ጀመረ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ፣ እጁ ተመልሶ ወረደ። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ልጄ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አሉኝ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ።

«ምንም።»

«ምንም?»

እሷ ሦስቱን እርምጃ ስትጨርስ እጃቸው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አፍንጫዋን ትከሻቸው ላይ ያለው ልባብ ጋ አድርሳ አሸተተችው። ልባቡን ማድረጉን ረሱት። ዞረው ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ፣ እሷም ከጎናቸው፤ በግራቸው በኩል።